አንድ ዓይን ያለው ዘንዶ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለህ፣ የፈለግከውን ተናገር» ሲሉኝ ስለ ሥራዬ አወራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ።

ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ወረቀት ዘርግተው እየተጯጯሁ እንቅልፍ የነሷችሁ ልጆች ትዝ ይሏችኋል? እኛ ነበርን። ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ሌባ ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ከየት ይምጣ? ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ከተን ዕጣ እናወጣ ነበር።

ከተመረቅን በኋላ የቤት ኪራይ ሦስት ቦታ በተነን፦ አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ እኔ ሱሉልታ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ ግን አሁንም አዲሱ ገበያ፣ መርካቶ፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና እያላችሁ ታክሲ መቀያየር ነው። እንደዚያም ሆኖ በወር አንድ ቅዳሜ መገናኘታችንን አልተውንም።

ጠቡ የመጣው የራሳችንን ታሪክ ጽፈን ሥዕል ስናስብለት ነው። እኔ የምወደው ላሪ ኤልሞር ለ1983ቱ እትም የሠራውን ሽፋን ነው፤ ተዋጊው ከቀይ ዘንዶ ጋር የተፋጠጠበትን። ቅርፊቱን ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። የሰበታው ጓደኛዬ ደግሞ የ1981ዱን የኤሮል ኦተስ ሽፋን ይመርጣል፤ ቀለሙ የሚጮህ፣ ሲያዩት ሕልም የሚመስል። «ያንተ ዘንዶ ፎቶ ነው፣ የኔ ቅዠት ነው» ይለኛል። በዚህ እንሳሳቅ ነበር።

የቡራዩው ጓደኛችን አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ የራሱን ሥዕል ይዞ መጣ። ዙሪያው በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ፣ ጥላ የሌለው፣ ተዋጊዎቹ በትልልቅ ዓይኖቻቸው ፊት ለፊት የሚያዩን፤ ዘንዶው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። አየሁትና ሳቅኩ። «ይሄ እኮ ለቱሪስት የሚሸጥ ነው» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ቡናውን ጠጣ፣ ወረቀቱን ጠቀለለ፣ ሄደ። ሁለት ዓመት አልመጣም።

እንዲህ ያለው ጠብ በእኛ አልተጀመረም። ገብረክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይሄ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም» ያሉት ነበሩ። እስክንድር ቦጎሲያን በበኩሉ ከጥንቱ የክታብ ጠልሰም ተነስቶ ማንም ያልጠበቀውን ዘመናዊ ሥዕል ሠራ። አንዱ «ባዕድ» ተባለ፤ ሌላው አሮጌ ከሚባለው ነገር አዲስ አወጣ። ዛሬ ሁለቱንም ያለ ጠብ አብረን እንጠራቸዋለን።

እኔን ያነቃኝ ግን መጽሐፍ አይደለም። የሰበታው ጓደኛዬ ዓይነ ስውራን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጣ፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ጨዋታው በቃል ስለሆነ ከሁላችንም በለጠን። እረፍት ላይ «ሥዕሎቹ ምን ይመስላሉ?» አለ። የኔን ነገርኩት፦ ቅርፊት፣ ጭስ፣ የብረት ነጸብራቅ። በትዕግሥት ሰማኝና «እሺ፣ ያበራል። ሌላስ?» አለኝ። ሌላ የምለው አጣሁ።

ያኔ የሰበታው ጓደኛዬ ያንን የተጠቀለለውን ሥዕል ከትዝታው ይተርክለት ጀመር። በአባቶቻችን አሣሣል ደጉ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዘንዶው ከፈረሱ እግር ሥር፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ። ማን ትልቅ እንደሆነ በመጠኑ፣ ማን ክፉ እንደሆነ በዓይኑ ይታወቃል። ሰውዬው ፈገግ አለና «ይሄኛውን አየሁት» አለ።

እኔ ዝም አልኩ። «አልቻለበትም» ብዬ የሳቅኩበት ሥዕል ሰዋስው ያለው ቋንቋ ኖሯል። ጥላ የሌለው ሠዓሊው ጥላ መሣል አቅቶት ሳይሆን የሚናገረው ሌላ ስለነበረ ነው።

አትሳሳቱ፣ ኤልሞርን ዛሬም እወደዋለሁ። ዘንዶው ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሰይፉ ይደርስ አይደርስ እንደሆነ የሚነግረኝ የሱ ሥዕል ነው፤ ለተጫዋች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጣዕማችን ብዙውን ጊዜ በልጅነታችን መጀመሪያ ያየነው ሥዕል ነው። እኔ ያደግኩት ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ሽፋን፣ እሱ ያደገው በአባቱ ቀለም መበጥበጫ አጠገብ። ጥፋቴ አለመውደዴ አልነበረም፤ አለመውደዴን ፍርድ ማድረጌ ነው። የሳቅኩትም በወረቀቱ ብቻ ሳይሆን በአባቱ እጅ ላይ ነበር።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ያልለመዳችሁትን ይዞ ሲመጣ «እንዲህ አይሠራም» ከማለታችሁ በፊት «ይሄ ለምን በጎን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ይህችን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ ሁለት ዓመት ከፈልኩ።

ባለፈው ክረምት ከሱሉልታ ተነስቼ አስኮን አልፌ ቡራዩ ሄድኩ፤ በሩን ከፈተልኝ፣ ቡና ተፈላ፣ ስለ ልጆች አወራን። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን ሳልናገራት ተመለስኩ። ዛሬ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ በሰው ፊት ነው የሳቅኩብህ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የኔ ነው፣ ሱሉልታ ብርድ ነውና ጋቢ ያዝ። ዘንዶውንም ይዘኸው ና።