መዳን በማይቻልበት ቤት



መሐንዲስ ሕንፃ ሲነድፍ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቤቱ ለምን እንደሚያገለግል ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በመነኩሲት ፍራንሲስ ዶሚኒካ መሥራችነት የተከፈተው ሔለን ሀውስ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ልዩ ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሆስፒስ፣ ማለትም ማስታመሚያ ቤት፣ የተሠራው ሐኪም ሊያድናቸው ላልቻለ ልጆች ነውና።

ይሁን እንጂ የቤቱ ዕለታዊ ኑሮ ሞትን መጠበቅ አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች ለጥቂት ቀናት ይመጣሉ፤ ይታጠባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ወደ ቤታቸውም ይመለሳሉ። ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ስታገላብጥ ለከረመች እናት ያልተቆራረጠ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ራሱ ሕክምና ነው። ወንድምና እኅትም አብረው ያርፋሉ።

በዚያ ቤት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። መኝታ ቤት ትመስላለች፤ አየሯ ግን በመሣሪያ የቀዘቀዘ ነው። ያረፈው ልጅ እስከ ቀብሩ ቀን በአልጋ ላይ ይተኛባታል፤ ወላጆቹም በፈለጉት ሰዓት ገብተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሟች ሳይውል ሳያድር ለሚቀበርበት አገር ሰው ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ልጅን ከእናቱ እቅፍ በችኮላ አለመንጠቅ የትም ቢሆን ርኅራኄ ነው።

የማቀዝቀዣውን ስሌት ማንኛውም የሙያው ሰው ይሠራዋል። አስቸጋሪው፣ ክፍሉ እየቀዘቀዘ የአስከሬን ማቆያ እንዳይመስል ማድረጉ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከመሰላቱ በፊት፣ በዚያች ክፍል የምትቀመጠው እናት ትታሰብ።