ስለ መተላለፊያ ቪዛ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በጉለሌ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም። አንደኛው ጋቢና ነጠላ፤ ጥበብና ቀሚስ የተሰቀለባቸው የሸማ ሱቆች ናቸው። ሁለተኛው በዚያው ሰፈር በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ደጅ ወረቀቱን ይዞ ተራውን የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው። ሸማው ለባሕር ማዶ ዘመድ ይገዛል፤ ቪዛውም ወደዚያው ዘመድ ለመሄድ ይጠየቃል። ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ግን ስለሚሄዱበት አገር ቪዛ አይደለም። አውሮፕላን ለመለወጥ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚቆዩበት፤ በመካከል ስላለው አገር ሕግ ነው።

ለምሳሌ ያህል ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት የሽሮ ሜዳ እናቶችን እናስብ። የአንደኛዋ ልጅ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ፤ የሁለተኛዋ ልጅ በእንግሊዝ አገር በለንደን ትኖራለች። ሁለቱም እናቶች የሚሄዱበትን አገር ቪዛ በሚገባ አግኝተዋል። ሁለቱም በጀርመን አገር በፍራንክፈርት በኩል የሚያልፍ ትኬት ቆርጠዋል። ጋቢውንና በርበሬውን ሸክፈው፤ ቤተ ዘመድ መርቆ ሸኝቷቸው፤ በአንድ ሌሊት ቦሌ ይደርሳሉ። ሰነድ መርማሪው የቶሮንቶዋን እናት «ይለፉ» ይላቸዋል። የለንደኗን እናት ግን «የመተላለፊያ ቪዛ የለዎትምና መሳፈር አይችሉም» ብሎ ይመልሳቸዋል። እርሳቸውም «ልጄ፤ እኔ ጀርመን አገር ምን እሠራለሁ? ከአዳራሹ እንኳ አልወጣም» ቢሉት፤ ቃላቸው እውነት ሆኖ ሳለ አይረዳቸውም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የቪዛ ሕግ፤ ሼንገን በሚባለው ማኅበር ባሉት አገሮች ጣቢያ አውሮፕላን ለመለወጥ እንኳ ዜጎቻቸው ቪዛ እንዲይዙ የሚገደዱትን 12 አገሮች ይዘረዝራል። ከእነዚህም እኩሌታዎቹ የአፍሪካ አገሮች ናቸው፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፤ ኤርትራ፤ ሶማልያ፤ ናይጄሪያ፤ ጋናና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ናቸው። ሕጉ ጊዜው ያላለፈበት የካናዳ፤ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘውን መንገደኛ ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። የእንግሊዝ ቪዛም እንግሊዝ የኅብረቱ አባል ሳለች ነፃ ያወጣ ነበር፤ ዳሩ ግን የመለያያው የሽግግር ጊዜ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲያበቃ ይህ መብት ቀረ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በዚሁ መንገድ በደኅና ያለፈ ሰው የሚሰጠው ምክር፤ በቅንነት ቢነገርም እንኳ ዛሬ ያሳስታል።

ሰነድ መርማሪውም ጨክኖ አይደለም። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ የጫነ አየር መንገድ መቀጫ ይከፍላል፤ መንገደኛውንም ወደመጣበት የመመለስ ኀላፊነት ይወድቅበታል።

የዚህ ሁሉ ሥር ሩቅ ነው። በ1937 ዓ.ም. መንግሥታት በቺካጎ ከተማ ተሰብስበው የዓለምን የአየር ጉዞ ሕግ ሲያቋቁሙ፤ አውሮፕላን በሌላ አገር ሰማይ ላይ እንዲያልፍና ነዳጅ ለመቅዳት እንዲያርፍ የሚፈቅድ ስምምነት አብረው አወጡ። ስለ መንገደኛው ግን የሚደርስበት አገር ስለ መግቢያና ስለ ፓስፖርት ያወጣውን ሕግ ይፈጽም ብለው ጉዳዩን ለየመንግሥቱ ተዉት። እንግዲህ የማለፍ ነፃነት የተሰጠው ለአውሮፕላኑ ነው እንጂ ለተሳፋሪው አይደለም። አሜሪካም ያለ ቪዛ የመተላለፍን ፈቃድ በ1995 ዓ.ም. ስላስቀረች፤ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዞ በዚያ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ሦስት ነገር እንድታስተውሉ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ትኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት አውሮፕላኑ የት የት እንደሚያርፍ ጠይቃችሁ፤ የየአገሩን ሕግ ከራሱ ከኤምባሲው ተረዱ። የመመለሻውንም ጉዞ አትርሱ።

ሁለተኛ፤ ማረፊያውን ቁጠሩ። በሁለት የሼንገን አገሮች ተከታትሎ የሚያልፍ ሰው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲበር ወደ ውስጥ እንደ ገባ ይቈጠራልና የጣቢያ መተላለፊያ ቪዛ አይበቃውም፤ የመግቢያ ቪዛ ያሻዋል።

ሦስተኛ፤ ሁለት ልዩ ልዩ ትኬት ገዝቶ ሻንጣውን በመካከል ተቀብሎ እንደገና የሚያስመዘግብ መንገደኛ፤ ብዙውን ጊዜ የድንበሩን መርማሪ አልፎ መውጣት ግድ ይሆንበታል። በዋጋ የረከሰው ትኬት በመጨረሻ የከበረ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ኢትዮጵያ በቦሌ ጣቢያ አውሮፕላን ለሚለውጠውና ከጣቢያው ለማይወጣው እንግዳ ቪዛ አትጠይቅም። የእኛም እናት በሰው አገር አዳራሽ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ለማለፍ ያህል እንዲሁ ብትታመን መልካም ነበር። ሕግ በሰው የወጣ ነውና መንግሥታት ተነጋግረው ሊያሻሽሉት ይችላሉ፤ ይህንም መጠየቅ ይገባል። እስከዚያው ግን የሚያዋጣው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ነው። ያች እናት ጋቢውን እንደ ተሸከሙ ከቦሌ ወደ ሽሮ ሜዳ እንዳይመለሱ፤ ፊደል የቈጠረ ልጅ ወይም ጎረቤት ትኬቱ ሳይቈረጥ አንድ ቀን ደክሞ ይጠይቅላቸው።