ፊልሙን ቢደብቁት ታሪኩ አይፋቅም!

(በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ልጆቻችንን የምናሳድገው ሰው በቆዳው ቀለም በሚመዘንበት አገር ነው። ስለዚህ ጥቁርን የሚያዋርዱ አሮጌ ፊልሞች ይደበቁ ወይስ ይታዩ የሚለው ክርክር የፈረንጆች ጭቅጭቅ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

በ1915 እ.ኤ.አ. ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ «የአንድ አገር ልደት» የተሰኘ ፊልም አወጣ። ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጮች ጥቁሩን አውሬ አድርገው ተወኑ። ነፍሰ ገዳዩ ኩ ክላክስ ክላን ደግሞ አዳኝ ጀግና ተባለ። ፊልሙ ዋይት ሀውስ ውስጥ ሳይቀር ታየ። ሞቶ የነበረው ክላንም በዚያው ዓመት ጆርጂያ ውስጥ ነፍስ ዘራ። ታዲያ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. «ይታገድ!» ብሎ ቢጮህ ይፈረድበታል? በጭራሽ! ጥቁር በየዛፉ ይሰቀልበት የነበረ ዘመን ነዋ!

ዛሬስ? ዛሬ የሚደብቀው ተበዳዩ ሳይሆን ነጋዴው ነው። ዲዝኒ በ1946 የሠራውን «የደቡብ ዜማ» ከ1986 ወዲህ ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አልመለሰውም። በፊልሙ እንስሳት ታሪክ የተሠራውን የመናፈሻ መጫወቻ ግን በአሜሪካ ከ1989 እስከ 2023 ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። ኀፍረቱን ቆለፈበት፣ ገቢውን አልጠላም! ፊልሙ ሲቆለፍ ጥቁሩ ተዋናይ ጄምስ ባስኬትም አብሮ ተቀበረ። በዚህ ሥራው በ1948 የክብር ኦስካር የተሸለመ ሰው ነው።

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የማያውቅ አለ? የዚያ መጽሐፍ ፊልም ባርነትን እንደ ደግ ዘመን ያሳያል። ነገር ግን ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ የኦስካር ተሸላሚ የሆነችበትም ፊልም ነው። በሽልማቱ ምሽት በተለየ ጠረጴዛ አስቀመጧት! ፊልሙ ቢደበቅ ይህን ለልጆቻችን በምን እንነግራቸዋለን?

ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ ማግስት፣ በሰኔ 2020፣ ኤች.ቢ.ኦ. ማክስ ይህንኑ ፊልም አነሳው። በዚያው ወር ግን የፊልም ምሁሯ ጃክሊን ስቱዋርት ገለጻ ከፊቱ ታክሎ ተመለሰ። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ይታይ ስል ሕፃን ልጅ ብቻውን ይፍጠጥበት ማለቴ አይደለም። ከጎኑ ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ውሸት ነው፣ ውሸቱንም የፈጠሩት ለዚህ ነው» በሉት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!