የትንሽ ቤት ጣሪያ ስንት ቆርቆሮ ይበላል?

ወረቀትና እርሳስ አጠገባችሁ ካለ ያዙት፤ ዛሬ ቁጥር አበዛባችኋለሁ። የምናወራው ስለ ጣሪያ ወጪ ግምት ነው፤ ስለ ፎቅ ሳይሆን ስለ ሱቅ፣ ስለ ሰርቪስ ቤት፣ ስለ ሁለት ክፍል መኖሪያ።

ቤት ሊከድን የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ቤቴ 48 ካሬ ነው፣ ስንት ቆርቆሮ ይበቃኛል?» ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ መልስ የለውም። 48ቱ የወለሉ ስፋት ነው። ጣሪያው ግን ከግድግዳው አልፎ ክፈፍ ያወጣል፣ ደግሞም ያዘቀዝቃል። ሁለቱም ቆርቆሮ ይበላሉ።

እስቲ አንድ ቤት እንያዝ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፤ ጣሪያው ውሃውን በሁለት በኩል የሚያወርድ። ክፈፉ ዙሪያውን 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ርዝመቱ 9 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 7 ሜትር ከ20 ሆነ ማለት ነው። የወርዱ ግማሽ 3 ሜትር ከ60 ነው። የጣሪያው አናት ከክፈፉ ጫፍ 1 ሜትር ከ50 ከፍ ይበል። አሁን ትምህርት ቤት ፓይታጎረስ ሲባል የሰማችሁት ሰውዬ ሥራ ያገኛል፤ 3.60 በራሱ ሲባዛ 12.96፣ 1.50 በራሱ ሲባዛ 2.25፤ ድምሩ 15.21፤ የዚህ ካሬ ሥር 3.90። እንግዲህ ከአናት እስከ ክፈፍ ያለው ተዳፋት 3 ሜትር ከ90 ነው። ስሌቱ ከከበዳችሁ ግቢያችሁ ውስጥ 3.60 እና 1.50 በማዕዘን መለኪያ ቀጥ አድርጋችሁ አስምሩና በጫፎቹ መካከል ሜትር ወጥሩ፤ ያው ይመጣል።

9.20 በ3.90፣ እሱ ደግሞ በሁለት፤ 72 ካሬ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የ48 ካሬ ቤት ጣሪያው 72 ካሬ! የወለሉ አንድ ተኩል እጥፍ።

ወደ ቆርቆሮው እንለፍ። የተለመደው ቆርቆሮ 2 ሜትር ርዝመት አለው። ወርዱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ለዛሬው ስሌታችን 80 ሳንቲ ሜትር እንበል። አንዱ 1.6 ካሬ ነው። ችኩል ሰው 72ን ለ1.6 ያካፍልና «45 ቆርቆሮ» ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል። 45ቱ ግን ጣሪያውን አይሸፍኑም፤ ቆርቆሮ በጎንም በቁመትም ይደራረባልና።

በጎን በኩል አንድ ተኩል ጉብታ ቢደራረብ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የሚሸፍነው 68 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። 9 ሜትር ከ20ን ለመሙላት በአንድ ረድፍ 14 ቆርቆሮ ይገባል። በቁመት ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ሁለት ቆርቆሮ 4 ሜትር ነው፤ ከተደራረበ 3 ሜትር ከ80። የእኛ ተዳፋት 3 ሜትር ከ90 ነው፤ ውሃው አሸንዳ ውስጥ እንዲወድቅ ደግሞ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። 15 ሳንቲ ሜትር አጠረን!

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው አናጺው ጣሪያ ላይ ወጥቶ «ጌታዬ፣ አልደረሰም» ሲለው ነው። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ሦስተኛ ረድፍ በሙሉ ቆርቆሮ መጨመር ነው፤ በሁለቱ ጎን በድምሩ 56 የነበረው ቆርቆሮ 84 ይሆናል። ሌላው ቆርቆሮ እየቆረጡ አናት ላይ መቀጠል ነው። ከነመደራረቢያው 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ከአንድ ቆርቆሮ 5 ይወጣል፤ በየጎኑ 14፣ በድምሩ 28 ቁራጭ ለማግኘት 6 ቆርቆሮ ይፈለጋል። ከ84ቱ ይህ በብዙ ይሻላል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ጠርዝ ከዚንኩ ሥር ያለው ብረት ስለተገለጠ ቶሎ ይዝጋል፣ አንድ መጋጠሚያ ይጨመራል፣ ከሥሩም በየጎኑ አንድ ተጨማሪ ማገር ይጠይቃል።

ሦስተኛው መንገድ ወረቀት ላይ እያለን ብቻ የሚገኘው ነው። በማፍሰሻው በኩል ክፈፉን ከ60 ወደ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የአናቱን ከፍታ ከ1.50 ወደ 1.20 እናውርደው። 3.50 በራሱ 12.25፣ 1.20 በራሱ 1.44፤ ድምር 13.69፤ ካሬ ሥሩ 3.70። 5 ሳንቲ ሜትር ለአሸንዳው ጨምሩ፤ 3 ሜትር ከ75። ሁለት ቆርቆሮ 3.80 ይሸፍናል። ደረሰ፤ 56 ቆርቆሮ፣ ቁርጥራጭ የለም። ጣሪያውም 68 ካሬ ሆነ። ተዳፋቱ ወደ 19 ዲግሪ ነው፤ ለደጋ ዝናብና በረዶ አይከፋም። «ከዚህም ዝቅ ላድርገውና ይቅለለኝ» የሚል ግን ይጠንቀቅ፤ ጣሪያ እየተኛ ሲሄድ ነፋስ ውሃውን በመደራረቢያው ሥር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ኢጋ የሚባለውን ቆርቆሮ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ራስ ምታት ይቀንሳል፤ በምትሰጡት ርዝመት ስለሚቆረጥ 3.75 ብላችሁ ታዛላችሁ። ሁለቱን ስታወዳድሩ ግን የአንዱን ቆርቆሮ ዋጋ ከአንዱ ጋር አታስተያዩ፤ ከተደራረበ በኋላ አንድ ካሬ የመሸፈኛው ዋጋ ስንት እንደሆነ አስሉ።

ስለ ውፍረት ትንሽ ልበል። ጌጅ የሚባለው ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 35 የግማሹ ያህል ነው። በሳሳው ቆርቆሮ የዳነው ገንዘብ በማገር ይወጣል፤ ሳስቶ በሰው ክብደት እንዳይጎብጥ ማገሩ መቀራረብ አለበት። ሻጩ «28 ነው» ካላችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በካሬ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ስትጠይቁ ፊቱን የሚያጠቁር ነጋዴ ካጋጠማችሁ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

እንጨቱን ቶሎ እንጨርሰው። ጣሪያውን የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን አጽም፣ ባለሙያዎቹ ትረስ የሚሉት፣ ከ1 ሜትር ከ50 በላይ ባይራራቅ ጥሩ ነው። 8 ሜትሩ 6 ክፍተት ይሆናል፤ ትረሱ ግን 7 ነው፤ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይረሳል። ማገሩ በየ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢመታ በየጎኑ 5፣ በድምሩ 10 መስመር፤ 92 ሜትር። ለመቀጣጠያ አንድ አሥረኛ ጨምሩ። ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ከሆነ 26 ይገባል። የባሕር ዛፍ እንጨት እርጥቡን አትግዙ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይዞት ይሄዳል። ትረሱ ከግድግዳው አናት ጋር የሚታሰርበትን ፌሮም ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ፤ እንደ አዳማ ነፋስ በሚበዛበት አገር ይህ ማሰሪያ ከቆርቆሮው አያንስም።

ለአናቱ መክደኛ ባለ 2 ሜትር 5 ያስፈልጋል። ሚስማር፣ 14 ቆርቆሮ በ10 ማገር፣ በእያንዳንዱ ላይ 4 ብትሉ 560፤ ሁሉም ከነጎማው፣ የሚመታውም ጉብታው ላይ እንጂ ውሃው በሚወርድበት ቦይ አይደለም። ዙሪያውን ለሚሸፍነው ጣውላ 33 ሜትር ከ20 ያዙ።

አሸንዳውን ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ቀድሞ ይሰርዘዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣሪያ ከላይ ሲታይ 64 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። አንድ የሐምሌ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ ወደ 1,290 ሊትር፤ ከ6 በርሜል በላይ። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በየዝናቡ እየተንጠፈጠፈ የግድግዳውን ሥር ይቦረቡራል። 18 ሜትር ከ40 አሸንዳና በየጎኑ አንድ መውረጃ ቱቦ ጻፉ። በርሜልም አዘጋጁ፤ ውሃው ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።

አሁን ዝርዝሩ በእጃችሁ ነው፤ የዋጋው ዓምድ ባዶ ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ ዋጋ አልጠራም፤ ፋብሪካዎቻችን ብረቱን በጥቅል ከውጭ ነው የሚያስመጡት፣ የብርም ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምነግራችሁ ቁጥር ነገ ያሳፍረኛል። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ሦስቱም የአንድ ሳምንት ይሁኑ። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር እንደሆነ አስጽፉ። የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጅ ለየብቻ ይያዙ። ጫኝና አውራጅን «ያን ጊዜ እንስማማለን» ብሎ መተው ሰፈር ውስጥ ጭቅጭቅ መጥራት ነው።

ከአናጺው ጋር በካሬ ስትዋዋሉ ደግሞ የየትኛው ካሬ እንደሆነ ጠይቁ። እናንተ የወለሉን 48 አስባችሁ እሱ የጣሪያውን 68 አስቦ ከሆነ ልዩነቱ 20 ካሬ ነው፤ ሁለታችሁም ሳትዋሹ ትጣላላችሁ። ክፈፍ ጣውላውና አሸንዳው በዚያው ዋጋ ውስጥ እንዳሉ ወይም እንደሌሉ በወረቀት ይስፈር። በድምሩ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ።

ቆርቆሮው ግቢ ሲራገፍ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ የተጣመመውን እዚያው መልሱ። ሙሉ ቆርቆሮ ከተረፈ ሱቁ መልሶ ይወስድ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ኮርኒሱ እንገባለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩ።