ከሲ ፕሮግራም የፓይተን ሞጁል ስለ መጥራት



ኑምፓይን የመሳሰሉት የፓይተን ሞጁሎች ከባዱን ስሌት የሚሠሩት በአብዛኛው በሲ ቋንቋ በተጻፈ ክፍላቸው ነው። እንግዲህ በሲ የሚጽፍ መሐንዲስ፣ «ሞጁሉም በሲ፣ ፕሮግራሙም በሲ ከሆነ በቀጥታ ቢጠራስ?» ብሎ ቢጠይቅ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ሞጁሉ እንደ ልማዱ ለውጭ የሚያሳየው የማስጀመሪያ ፋንክሽኑን ብቻ ነው፤ የቀሩት በውስጡ ተከልለው ይቀመጣሉ። ከዚህም የተነሣ ሲ ከሲ ጋር ለመገናኘት የፓይተን አስተርጓሚ በመካከል ያስፈልገዋል።

አካሄዱ በራሱ አያስቸግርም። ፕሮግራሙ አስተርጓሚውን ያስነሣል፤ ሞጁሉን በስሙ ያስጭናል፤ ቁጥሮቹን ወደ ፓይተን ኦብጀክት ለውጦ ፋንክሽኑን ይጠራል፤ ውጤቱንም መልሶ ይረከባል። በሊኑክስ ላይ አስተርጓሚው ከፕሮግራሙ ጋር ተጠቃልሎ የተያያዘ እንደሆነ፣ ስሞቹ ለሞጁሉ እንዲታዩ ሊንከሩን ማዘዝ ይገባል። ይህ ቢዘነጋ ሞጁሉ ገና ሲጫን ስም አጣሁ ብሎ ይቆማል። ወዲያው የሚታይ ስሕተት ስለሆነ ደግ ስሕተት ነው።

ክፉው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኦብጀክት ስንት ባለቤት እንዳለው የሚያሳይ ቆጣሪ ይዟል፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ይፈርሳል። በፓይተን የሚጽፍ ሰው ይህን ቆጣሪ አይነካውም፤ በሲ የሚጽፈው ግን መዝጋቢው ራሱ ነው። የፋንክሽኖቹም ጠባይ አንድ አይደለም። ሌላ ፋንክሽን የሚጠራው ፋንክሽን ውጤቱን ከነባለቤትነቱ ያስረክባል፤ ከዝርዝር አባል የሚያወጣው የቆየው ፋንክሽን በውሰት ይሰጣል፤ በዝርዝር የተወሰነ ቦታ ላይ አባል የሚያስቀምጠው ደግሞ የአስቀማጩን ባለቤትነት ይወስዳል፤ የፓይተን ሰነድ ይህን ሳያፍር «ይሰርቃል» ይለዋል።

አንድ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም በየሴኮንዱ ሞጁሉን እየጠራ 1,000 ቁጥሮች የያዘ ድርድር ይቀበላል እንበል። አንዱ ቁጥር 8 ባይት ቢይዝ ድርድሩ 8,000 ባይት ይሆናል። ከሥራው በኋላ ቆጣሪውን የምትቀንሰው አንዲት መስመር ብትረሳ፣ በዐሥር ደቂቃ ሙከራ የሚጠፋው ሜሞሪ 5 ሚሊዮን ባይት አይሞላም፤ ማንም ልብ አይለውም። በአንድ ቀን፣ ማለትም በ86,400 ጥሪ፣ ከ690 ሚሊዮን ባይት ይበልጣል። ፕሮግራሙ ተፈትኖ አልፎ፣ በሥራ ላይ ውሎ፣ ሌሊት ይወድቃል። በውሰት የተገኘን አባል ዝርዝሩ ከፈረሰ በኋላ መጠቀም ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 አባሉን ከነባለቤትነቱ የሚሰጥ ፋንክሽን ጨምሯል፤ ለአዲስ ሥራ የሚመረጠው እርሱ ነው።

አንዳንዶች አስተርጓሚውን ዘግቶ እንደገና በማስነሣት ሜሞሪውን ለማስመለስ ይሞክራሉ። ይህ አያዋጣም፤ ሞጁሎቹ የያዙት ሜሞሪ ሁሉ ላይለቀቅ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ሲጀመሩ በትክክል የማይሠሩ ሞጁሎችም አሉ። የማይታመን ሞጁል ካለ በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ይሻላል፤ ፕሮሰሱ ሲያልቅ የያዘውን ሜሞሪ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይረከበዋል።