ጎመኑ የጠጣው ውኃ
በጉለሌ ለሰበካ ጉባኤያት ከቀረበ ንግግር



በጾም ወራት ከማዕዳችን የማይለየው የሐበሻ ጎመን አገሩ ይኸው ደጋችን ነው። ይሁን እንጂ ከገበያ ስንገዛ በምን ውኃ እንዳደገ አንጠይቅም። ከእንጦጦ ጥርት ብለው የሚነሡት ወንዞች ከተማውን አቋርጠው አቃቂ እስኪደርሱ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይቀላቀላቸዋል፤ በዚያም ውኃ አትክልት ይለማል። ማጠብ አፈሩን ያስለቅቃል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን እንደ እርሳስ ያለ ከባድ ብረት ግን አያወጣም።

እኛ ጉለሌዎች የውኃው ራስጌ ላይ ነን። ስለዚህ በየግቢያችን ጥቂት መደብ፣ ቦታ ለጠበበውም አፈርና የበሰበሰ ፍግ የተሞላ አሮጌ ጆንያ ይዘጋጅ እንላለን። የክረምቱን ውኃ ከቆርቆሮው በበርሜል ማጠራቀም ይቻላል። ከባሕር ዛፍ ግን ይራቅ፤ እኛ በጥላው ሥር ተክለን ችግኙ ቀጭጮ ቀርቶብናል። ሲለቀም የታችኛው ቅጠል ብቻ ይቀንጠስ፤ ጫፉ ካልተነካ ለወራት ያቆጠቁጣል።

ስለ አበሳሰሉም፣ እናቶቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ከቅጠሉ ቪታሚን ሲ ብዙውን መድፋት ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለ በኋላ ታጥቦ የተከተፈው ጎመን ይጨመርና በራሱ ውኃ፣ ቢያስፈልግ በአንድ ጭልፋ ታግዞ፣ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ሊወጣ ሲል ይግባ።

ለነሐሴው የፍልሰታ ጾም እንዲደርስ በግንቦት መጨረሻ ይዘራ። አንድ ሁለቱ ግንድ እስኪያብብና ፍሬ እስኪይዝ ይተው፤ የከርሞው ዘር ከዚያ ይወጣል።