ከነጣ ጥርስ በኋላ

እሷ፦ ለሠርጉ ጥርሱን ያስነጣ ሙሽራ ከክሊኒክ ወጥቶ በቀጥታ በርጫ ቢቀመጥ ምን ትላለህ?

እሱ፦ ገንዘቡን አፈሰሰው እላለሁ!

እሷ፦ አልበዛም?

እሱ፦ የነጣ ጥርስ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ቀለም ቶሎ ይይዛል። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራ፣ ጫት ይቅርበት።

እሷ፦ ሐረር ተቀምጦ ቡና ይቅር? እሺ፣ ሁለት ቀን ይታገሥ። ጥርሱን ሽፋን ያስለበሰውስ? ሽፋን እኮ አይበሰብስም።

እሱ፦ ሽፋኑስ አይበሰብስም። ከሥሩ ያለው የራሱ ጥርስ ግን ይበሰብሳል፤ በተለይ ከድድ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ።

እሷ፦ የአወዳይ ጫት ደግሞ ብቻውን አይቃምም፤ ስኳር አለ፣ ለስላሳ አለ።

እሱ፦ ልክ ነሽ! አፍ እየደረቀ ጣፋጭ ለሰዓታት ጉንጭ ውስጥ ሲቆይ ለባክቴሪያው ሠርግና ምላሽ ነው።

እሷ፦ ውኃ ይጠጣበታ! መፋቂያስ?

እሱ፦ ጥሩ ነው፤ ጫፉ ይለስልስ፣ ድድ አይቧጭር።

እሷ፦ መፋቂያ ብቻውን ይበቃል ካልክ አልስማማም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋትና ማታ።

እሱ፦ ተቀብያለሁ። በጥርስ መሃል የሚገባው ክርም ይጨመር።

እሷ፦ ቆርኪ በጥርስ መክፈትስ?

እሱ፦ ኧረ በሕግ አምላክ! ሽፋኑ ይሰነጠቃል።

እሷ፦ ባይሰነጠቅም፣ ከማመሙ በፊት ሐኪም ጋ ብቅ ማለት ነው። አድማጮች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?